ተከታዩን ቁጥር ጻፉ

ጉሙ ከጦሳ ላይ፣ ወርዶ ሆጤን ሞልቷል፤
መብራቱ ከሄደ፣ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤
ሻማዬን ለኩሼ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣
አለሁ በሃምሳ ሁለት ልጅ ፈተና ላይ ፈዝዤ።

«ተከታዩን ቁጥር፣ በባዶው ቦታ ጻፉ፤»
አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣
ከዚያ አንዲት ሰረዝ፣ ልክ እንደ አዝዋ አፋፉ።

መልሱ ስምንት ነው፤ እጥፍ ነው፤ ስንት ዘመን ኖሯል፣
ሰሌዳው ያስታውሳል፣ ጠመኔው ያውቀዋል።
እጄም ሳያስበው፣ ስምንት ካየ ራይት፣
ሌላ ካየ ኤክስ፤
የወፍጮ ቤት መንገድ እንደለመደ አህያ፣
ሳይነዱት የሚደርስ።

ዘምዘም ይመር ግና፣ «ሰባት» ነው ያለችው፤
ኤክስ አድርጌ አለፍኩኝ።
ግን ከቁጥሮቹ ሥር፣ በእርሳስ ያሰመረችው
ሦስት ቅስት አለ፣ እንደ ሕፃን ቅንድብ፤
ከእያንዳንዱ በታች፣ በትንንሽ ጽሑፍ፣
«ሲደመር አንድ» ይላል፣
«ሲደመር ሁለት» ይላል፣
ሦስተኛው ላይ «ሦስት»።

ሻማውን አስጠጋሁ።
በአንድ ላይ አንድ፣ ሁለት፤
በሁለት ላይ ሁለት፣ አራት፤
በአራት ላይ ሦስት ሲጨመር…
ሰባት ነው እኮ፣ ሰባት!
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ስወጣ ስገባበት፣
ለካስ ይህ ጥያቄ፣ ጓሮ በር አለበት።

ቀይ ቀለም እንደ ቂም፣ ቢፍቁት አይለቅም፤
በምላጭ ሞከርኩት፤
ወረቀቱ ሳሳ፣ ኤክሱ ግን አልጠፋም።

ምላጩን ሳስቀምጥ፣ ስም መጥሪያው ተገልጦ፣
ሌላ ጥያቄ አየሁ፣ በእጅ ጽሕፈቴ ተቀምጦ፦
መስከረም፣ ስልሳ አራት።
ኅዳር፣ ስልሳ አንድ።
ጥር፣ ሃምሳ ሰባት።
መጋቢት፣ ሃምሳ ሁለት።

ሦስት ሄደ። አራት ሄደ። አምስት ሄደ።
በሐረጎ ቁልቁለት፣ በሌሊት መኪና፣
በባቲ፣ በሚሌ፣ ወደ ባሕሩ ነጎደ።
የቀሩትን ስጠይቅ፣ «ዐረብ አገር» ይላሉ፣
ባዶውን ዴስክ በክርናቸው እየከለሉ።

ነገ ግንቦት ይገባል።
ይህን ለመመለስ፣ ሊቅ መሆን አይሻም፤ ስድስት ነው መቀነስ፤
አርባ ስድስት።
እጄ ቀድሞኝ ጻፈው፣ ከሰረዙ ላይ፣ በእርሳስ፤
ያው ወፍጮ ቤት ሊደርስ።

ሲነጋ ጉሙ አለ፤ ከክፍል ገብቶ ቆሟል፤
የልጆቹ ፊት ከሹራብ አንገት በላይ ደብዝዟል።
ቆጠርኩ።
አርባ አራት፣ አርባ አምስት፣
አርባ ስድስት ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩት።
ጣቴ ቀጠለ።
አርባ ሰባት። አርባ ስምንት። ከኋላ አንዱ ሳለ።
ሃምሳ ሁለት ሞላ፤
ከመስኮቱ ሥር ግን፣ አንድ ራስ አለ ሌላ።
ሙሄ አራጋው ነው፣ ጥር ላይ የጠፋው፤
ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ጫማው የሰው፣ የሰፋው፤
ከየት እንደተመለሰ ማንም አልጠየቀው።

ሃምሳ ሦስት።
ይህን የሚያወጣ ሕግ፣ በመጽሐፌ የለም፤
የልዩነት ልዩነት፣ ብደረድር አይገጥም።

ወረቀቱን አደልኩ።
ዘምዘም የተፋቀውን፣ በጣቷ ዳሰሰችው፤
የጎረቤቷን ስምንት፣ አጮልቃ አየችው።
«ቲቸር፣ የቱ ነው ልክ? ሰባት ነው? ስምንት?»
«ሁለቱም» አልኳት።
«እንዴ! ታዲያ እርስዎ፣ ሦስት ብቻ ሰጥተውን፣
ከየት አምጥተን እንወቀው አራተኛውን?»

ክፍሉ ሳቀ። ሙሄም ሳቀ፣ ከንፈሩን በመዳፉ ይዞ።

እኔ ጎንበስ ብዬ፣ ከስም መጥሪያው ላይ
አርባ ስድስትን በላጲስ አጠፋሁት፤
እርሳስ ነውና ወዲያው ለቀቀ፤
ሃምሳ ሦስት ከማለቴ በፊት ግን፣
ጥቂት ባዶውን ተውኩት።